የቆመ ቮልስ አልነሳ ሲል፦ ከባትሪው እስከ ካርቡራተሩ በቅደም ተከተል

ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ወይም ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ "ካርቡራተሩ ነው" ይላል፣ ሌላው "ፓምፑ ነው" ይላል። እናንተም የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ሁለቱንም ትገዛላችሁ። መኪናው ግን ያው ነው።

እኔም በመጀመሪያው ቮልሴ በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሞ የነበረ ነው። አንድ ጋራዥ "ካርቡራተሩ አልቆለታል" አለኝና ቀየርኩ። አልተነሳም። በኋላ የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ስናነሳ፣ የፑንቲናዋ (በውስጡ እየተከፈተች እየተዘጋች እሳቱን የምታስነሳው መገናኛ) የፋይበር ተረከዝ ተበልቶ ክፍተቷ ጠፍቶ አገኘነው። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለካርቡራተሩ የወጣው ገንዘብ ግን ቀረ።

ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ መዞሩን፣ ቀጥሎ እሳቱን፣ ከዚያ ቤንዚኑን። ካርቡራተር በመጨረሻ ነው የሚነካው። ሳትፈትሹ ምንም ዕቃ አትግዙ።

መመሪያው ከኋላ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ካርቡራተርና በሞተሩ ኃይል የሚሠራ የቤንዚን ፓምፕ ላለው ቮልስ ነው። 1200ም ሆነ 1300፣ 1500ም ሆነ 1600 ይሠራል። ፊያት 600 ወይም የድሮ ላዳ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ልኮቹ ግን ይለያሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የምትፈልጉት ዕቃ። ቴስተር፣ አንድ የ12 ቮልት የሙከራ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ካቻቢቴ፣ እጀታው የተሸፈነ ፒንሳ፣ የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው ዕቃ) መፍቻ፣ 21 ቁጥር መፍቻ፣ ስስ የክፍተት መለኪያ ብረት፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ የቤንዚን ጎማ ሁለት ሜትር ያህል፣ ፋሸታዎች (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበቶች)፣ ቤንዚን የማይበላው ጠርሙስ፣ ከፋርማሲ የተገዛ የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። አንድ ረዳት ሰውም ያስፈልጋል። ቁልፉን የሚያዞርላችሁ ሰው ከሌለ ግማሹን ፈተና አትችሉትም።

የእሳት ማጥፊያ። ይህን አትዝለሉ። የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ በእጃችሁ ርቀት ይሁን፤ ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ጋ ሳይሆን አጠገባችሁ። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲደፉበት ይብስበታል።

ቦታው። ከቤት ውጭ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ። ሲጋራ የለም፣ ከሰል የለም፣ ቡና የሚፈላበት አጠገብ የለም። ሞተሩ ሲነሳ የሚወጣው ጭስም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይገድላል።

ማርሹ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። በየደረጃው ደግማችሁ እዩት።

ዘይቱን አሽትቱ። የዘይት መለኪያውን ብረት አውጥታችሁ ወደ አፍንጫ አስጠጉት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ አታስነሱ። ቤንዚን ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው። አንድም የፓምፑ ጎማ ሽፋን ተቀዷል፣ አለዚያ የካርቡራተሩ መርፌ አልዘጋ ብሏል። በቀጠነ ዘይት የተነሳ ሞተር ኩሽኔታውን ይበላል። ዘይቱን ቀይሩ፤ 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው። ምክንያቱን ሳታገኙም ወደ ፊት አትሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ሞተሩ በደንብ ይዞራል?

1. የኋላውን መቀመጫ አንሱ። ባትሪው በቀኝ በኩል ከሥሩ ነው። መቀመጫውን ስትመልሱ የብረት ሞላው የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ ክዳን ወይም ወፍራም ጎማ አልብሱት። ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ መቀመጫው ይቃጠላል። በቮልስ ላይ የታወቀ አደጋ ነው።

2. ባትሪው ስንት ቮልት እንደሆነ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹ በኋላ ወደ 12 ተቀይረዋል፤ አንዳንዴ ግን ግማሹ ዕቃ ተቀይሮ ግማሹ ቀርቷል። ኮይሉ (የባትሪውን ኃይል ለእሳቱ የሚያሳድገው ዕቃ) ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አንብቡ።

3. በቴስተር ለኩ። ያረፈ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ ሌላ ፈተና አትጀምሩ።

4. ረዳታችሁ ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) ከልክ በላይ እየጎተተ ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው "ጣ" ብቻ ካለ ሽቦዎቹን ተከተሉ። የባትሪውን ጫፎች ፍቱ፣ በብረት ብሩሽ እስኪያበሩ ፈትጉ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ግቡ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የፊት ጫፍ ወደ መኪናው አካል የሚሄድ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። ሞተሩ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በእሱ ነው። ዝጎ ከሆነ፣ ወይም ካምቢዮው ወርዶ ሲገጠም ከተረሳ፣ ምንም ያህል ጥሩ ባትሪ ብትገዙ ሞተሪኖው አይዞርም። ፍቱት፣ አጽዱት፣ መልሳችሁ አጥብቁት።

መኪናው ሲቀዘቅዝ የሚዞር፣ ሲሞቅ ግን "ጣ" እንኳ የማይል ከሆነ ሞተሪኖው ላይ አትፍረዱ። የማስነሻው ሽቦ ከመሪው ሥር ተነስቶ እስከ ኋላ ይሄዳል። ባረጀ ሽቦና ባረጀ ቁልፍ ውስጥ ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል። መፍትሔው በሞተሪኖው አጠገብ የሚገጠም ባለ አራት እግር፣ 30 አምፔር ሪሌይ ነው። ከቁልፉ የመጣውን ሽቦ 86 ላይ፣ 85ን ከመኪናው አካል ጋር፣ 30ን ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ በኩል፣ 87ን ወደ ሞተሪኖው 50 ቁጥር ጫፍ ግጠሙ። አዲስ ሞተሪኖ ከመግዛት ይህ በጣም ይረክሳል።

ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙት። ሞተሪኖው ደቂቃ ያህል ይረፍ።

## ደረጃ 2፦ እሳት አለ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት።

1. ከኮይሉ መሐል ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ከክዳኑ ላይ ንቀሉ።

2. በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ ጫፉን ከንጹሕ የሞተር ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቁት። ከካርቡራተሩና ከቤንዚን ጎማው ራቁ። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ አስቀድማችሁ አድርቁ።

3. ረዳታችሁ ቁልፉን ያዙር።

ሰማያዊና ወፍራም እሳት "ጣ ጣ ጣ" እያለ ከዘለለ ጥሩ ነው። ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ቀጭንና ቢጫ፣ ወይም ቀይ ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ እንዲህ ቀጥሉ።

ሀ. ኮይሉ ኃይል ያገኛል? ቁልፉን ክፈቱ። የሙከራውን አምፖል አንድ ጫፍ ኮይሉ 15 ቁጥር ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ካልበራ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ኮይሉ ባለው ሽቦ ላይ ነው።

ለ. ፑንቲናው ይሠራል? አምፖሉን ወደ ኮይሉ 1 ቁጥር አዛውሩ። ሞተሩ ሲዞር አምፖሉ መብራትና መጥፋት አለበት። ሁልጊዜ ከበራ ፑንቲናው አይገናኝም። ፈጽሞ ካልበራ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይም ከሥሩ ያለችው ሽቦ ብረት ነክታለች።

ሐ. ክዳኑን ክፈቱ። ሁለት ጥፍሮች ናቸው የያዙት። በጄኔሬተሩ ፑሊ ዳዶ ላይ 21 ቁጥር መፍቻ አግቡና ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቺንጋው (የጄኔሬተሩ ቀበቶ) ከላላ ፑሊው ብቻውን ይዞራል፤ ጫን በሉት። ፑንቲናው በጣም በተከፈተበት ቦታ አቁሙት። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። መለኪያው ብረት ሲገባ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት እንጂ መንሸራተት የለበትም።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ ሁለቱን የብረት ፊቶች በባትሪ መብራት እዩ። ጤነኛው ግራጫ ነው፣ ለስላሳ ነው። የቆመ መኪና ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ፤ እሱ ብቻ እሳት ይከለክላል። ንጹሕ ወረቀት በመሐላቸው አስገብታችሁ ሳቡ። ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ከወጣ፣ ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት። አንዱ ፊት ተቆፍሮ ሌላው ላይ ጉብታ ከሠራ ግን ፑንቲናውን ቀይሩ። ኮንደንሰሩንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ፑንቲና የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪናም በኮንደንሰር ወይም በኮይል ይጠረጠራል።

ለተረከዙ ትንሽ ቅባት ስጡ። ደርቆ ከሠራ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ክፍተቱ ይዘጋል። የእኔ መኪና የቆመው በዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉት። ፑንቲናው በተገናኘበት ከቆመ ኮይሉ ይግላል፣ ይቃጠላል።

መ. ካንዴላዎቹ። አራቱንም አውጡ፤ ክፍተታቸው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስታወጡ በተራ ደርድሯቸው። መልካቸው በኋላ ይጠቅማል።

## ደረጃ 3፦ እሳቱ በሰዓቱና በቦታው ነው?

እሳት ኖሮ በካርቡራተሩ በኩል "ፓ!" ብሎ የሚተፋ ከሆነ፣ ሽቦዎቹ ተቀያይረው ይሆናል። ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ። 1 ቁጥር ሲሊንደር ከመኪናው በስተቀኝ፣ ወደ ፊት በኩል ያለው ነው። 2 ከእሱ ኋላ፣ 3 በግራ ወደ ፊት፣ 4 በግራ ወደ ኋላ። በዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት የ1 ቁጥርን ቦታ ታሳያለች።

ፑንቲና ከነካችሁ የእሳቱ ሰዓትም ይዛባል። አምፖሉን ኮይሉ 1 ቁጥር ላይ አድርጉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። የፑሊው ምልክት ከሞተሩ አካል መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አምፖሉ መብራት አለበት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ብዙዎቹ 1300 እና 1500 ሞተሮች 7.5 ዲግሪ ቀድመው ነው የሚቃጠሉት። የኋላዎቹ ሞዴሎች ይለያሉ። ዲስትሪቢውተሩም ከሌላ ሞተር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ የተመታውን ቁጥር አንብባችሁ በእሱ ልክ ሥሩ።

## ደረጃ 4፦ ቤንዚን ካርቡራተሩ ጋ ደርሷል?

የአየር ማጣሪያውን አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። የቤንዚን መስጫውን ክንድ በእጅ ገፋ አድርጉ። ቀጭን የቤንዚን መስመር "ፍሽ" ብሎ መውረድ አለበት።

ከወረደ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ካልወረደ ይህን የሲሪንጅ ፈተና ሥሩ፦

1. 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን በሲሪንጅ ወደ ጉሮሮው ስጡ። ከዚህ አይበልጥ።
2. ጠርሙሱን ዘግታችሁ አርቁ። የአየር ማጣሪያውን መልሱ። ይህን አትርሱ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከተፋ እሳቱን የሚይዘው እሱ ነው።
3. አስነሱ።

ተነስቶ ሦስት አራት ሰከንድ ሠርቶ ከጠፋ፣ እሳቱም ሰዓቱም ደህና ናቸው። የጎደለው የቤንዚን መምጫ ብቻ ነው። ይህን ካወቃችሁ ብዙ ሥራ አለቀላችሁ። ፈጽሞ ካልሞከረ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

በጣሳ ቤንዚን እየደፉ ማስነሳት የተለመደ ነው። ተዉት። ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ቤንዚን በአፍ መሳብም እንዲሁ፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሐኪም ቤት ያስተኛል።

## ደረጃ 5፦ ከታንኩ እስከ ፓምፑ

በቆመ መኪና ላይ ጊዜያችሁን የምትሰጡት እዚህ ነው።

ቤንዚኑን በብርጭቆ እዩት። ከፓምፑ በፊት ያለውን ጎማ ንቀሉ። ታንኩ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ከያዘ ቤንዚኑ በራሱ ሊፈስ ይችላል። መድፈኛ ቡሎን አስቀድማችሁ ያዙ። አንድ ብርጭቆ ያህል ቀድታችሁ ብርሃን ላይ አንሱትና አምስት ደቂቃ አስቀምጡት።

ንጹሕ ቤንዚን ጥርት ያለ ነው። ያረጀው ወደ ሻይ መልክ ይሄዳል፤ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቫርኒሽ ይሆናል። ውኃ ካለበት ከሥር ለብቻው ተንከባሎ እንደ ዶቃ ይቀመጣል። ዝገት ካለ ብርጭቆው ሥር እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ፓምፕም ካርቡራተርም ብትቀይሩ በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዚሁ ናችሁ። ታንኩ ይጽዳ።

ታንኩን ማጽዳት፦

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ በሚዘጋ የብረት ጄሪካን አውጡ። ቱቦ ውስጥ ወይም መሬት ላይ አትድፉ።
2. የፊት ኮፋኖውን ክፈቱ። ታንኩን የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። የነዳጅ መለኪያውን ሽቦና የመሙያውን ጎማ አላቁ፣ ከሥር ያለውን ጎማ ንቀሉ፣ ታንኩን አውጡ።
3. ከሥሩ መውጫ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ አጽዱ። ብዙ ጊዜ ድፍን ብላ ትገኛለች።
4. ንጹሕ ዳዶዎች ወይም አጭር ሰንሰለት ከትንሽ ንጹሕ ቤንዚን ጋር አስገብታችሁ ከውጭ፣ በአየር ላይ፣ በደንብ ነቅንቁ። ድፉ፣ ድገሙ። ሰንሰለቱን ማውጣት አትርሱ።
5. የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን አጣጥቡት።

ታንኩ ቀዳዳ ካለው ወደ በያጅ አትውሰዱት። "ታጥቧል፣ ደርቋል" ቢሏችሁም። ባዶ የሚመስል ታንክ ውስጥ ያለ የቤንዚን ተን ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። ሌላ ታንክ ፈልጉ።

ጎማዎቹን ሁሉ ቀይሩ። ከታንኩ ሥር አንድ አለ። ካምቢዮው አጠገብ፣ የብረት ቱቦው ከሚያበቃበት እስከ ፓምፑ አንድ አለ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ አንድ አለ። ስታጥፉት የሚሰነጠቅ ጎማ አልቆለታል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮ ጎማን ከውስጥ ያቀልጣል፤ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ተልጦ መንገዱን ይዘጋል። መሐሉ የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ ቤንዚን ሳያንጠባጥብ አየር ይስባል፤ ፓምፑ በከንቱ ይለፋል። ሁሉም ጫፍ ላይ ፋሸታ ይግባ።

ፊልትሮው (የቤንዚን ማጣሪያው)። የፕላስቲክ ፊልትሮ ከዲስትሪቢውተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ያያችሁት ብዙ ነው። አንሱት። በንዝረት ጎማው ወልቆ ቤንዚን ዲስትሪቢውተሩ ላይ ሲፈስ ቮልስ ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል። ፊልትሮው ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ካምቢዮው አጠገብ ወይም ከታንኩ ሥር ይሁን።

ችግሩ የት እንደሆነ ለመለየት አቋራጭ። አዲስ ጎማ ከፓምፑ መግቢያ ላይ ግጠሙ፣ ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ ባለች ንጹሕ ቤንዚን በያዘች ትንሽ ጄሪካን ውስጥ አስገቡ። በዚህ ሞተሩ በደንብ ከሠራ ፓምፑና ካርቡራተሩ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው ላይ ነው። ለደቂቃ ፈተና ብቻ ነው። እንዲህ አድርጋችሁ አትንዱ።

## ደረጃ 6፦ ፓምፑ ይገፋል?

1. ኮይሉ 15 ቁጥር ላይ ያለውን ሽቦ ንቀሉና ጫፉን በላስቲክ ጠቅልሉት። እሳት እንዳይኖር ነው።
2. ጎማውን ከካርቡራተሩ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ።
3. ረዳታችሁ 10 ሰከንድ ያዙር።

ቤንዚኑ "ጭቅ... ጭቅ..." እያለ በምት በምት መምጣት አለበት። ካልመጣ፣ አየር የሚስብ ጎማ እንደሌለ ደግማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ፓምፑን አውጡ፤ ሁለት ዳዶ ነው። ከሥሩ የሚገፋው ዘንግ አለ። ርዝመቱን ለኩ። ጄኔሬተር ላለው ሞተር ፓምፕ 108 ሚሊ ሜትር፣ ኦልተርኔተር ላለው የኋላ ሞዴል 100 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ፓምፑ ከአንዱ፣ ዘንጉ ከሌላው ይደባለቃል። አጭር ዘንግ በረጅሙ ቦታ ከገባ ፓምፑ አዲስ ሆኖም ምንም አይገፋም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ፓምፑን ይሰብረዋል። ዘንጉ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዳይወድቅባችሁ የፕላስቲክ ማቀፊያውን ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያ ወረቀቱ) በቦታው አድርጉ።

## ደረጃ 7፦ ካርቡራተሩ

እዚህ የደረሳችሁት ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ከሆነ ነው። አሁን ክፈቱት።

1. የላይኛውን ክዳን የያዙትን አምስት ቪቴዎች ፍቱ። ክዳኑን ከነመርፌው ቀስ ብላችሁ አንሱ።
2. ተንሳፋፊውን አውጥታችሁ ጆሮ አጠገብ ነቅንቁ። ውስጡ ቤንዚን ከተንቀጫቀጨ ሰምጧል፤ ይቀየር።
3. መርፌውን ፈትሹ። ክዳኑን ገልብጣችሁ፣ መርፌው በክብደቱ ሲዘጋ፣ በመግቢያው በንጹሕ ጎማ ንፉበት። አየር ካለፈ አይዘጋም።
4. ከጎኑ ያለውን ትልቅ ቡሎን ፍቱ፤ ዋናው ጄት (ቤንዚኑን የምትለካው ባለቀዳዳ ዕቃ) ከኋላው ነው። በአየር ንፉት። ሽቦ አታስገቡበት። ቀዳዳው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተለካ ነው፣ ሽቦ ያሰፋዋል።
5. ቤንዚን የሚገባበትን የናስ ቱቦ በጣት ነቅንቁት። ከላላ እንዳትነዱት። በሞቀ ሞተር ላይ ወልቆ መኪና ያቃጠለ ቱቦ ነው።

ተነስቶ ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) የማይቆም ከሆነ ካርቡራተሩ ጎን ላይ አንድ ሽቦ ያለው ትንሽ ቫልቭ እዩ። ቁልፉን ስትከፍቱ "ጢቅ" ማለት አለበት። ዝም ካለ ወይ ሽቦው ወልቋል፣ ወይ ቫልቩ ሞቷል።

ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ላይ አየር የሚቀንሰውን ክንፍ) ተመልከቱ። ከማስነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን አንዴ ሙሉ ርገጡና ልቀቁ። በቀዝቃዛ ሞተር የላይኛው ክንፍ መዘጋት አለበት። ከተነሳ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ከቾኩ ጎን ባለው ክብ ዕቃ ላይ ያለችው ሽቦ ኃይል ታገኝ እንደሆነ በአምፖሉ ሞክሩ።

ቤንዚን ከጠጣ። ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ከሸተተ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ይዛችሁ 10 ሰከንድ አዙሩ። አትደጋግሙ፤ በረገጣችሁ ቁጥር ካርቡራተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ካልሆነ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ አድርቁ።

### ለአዲስ አበባ ልጆች

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ አገር የተለካ ጄት እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰና ጭሱ ከከበደ፣ ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ፤ ለምሳሌ ከ125 ወደ 120። ነድታችሁ ካንዴላውን እንደገና እዩ። የቡና ወተት መልክ ሲይዝ ልኩን አግኝታችኋል።

ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ስትወርዱ ግን የድሮውን ጄት መልሱ። ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ቫልቭ ያቃጥላል። ሁለቱንም ጄት በመኪናው ኪስ ያዙ።

ከፍታው ሌላም ነገር አለው። ቤንዚን እዚህ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ዳገት ወጥታችሁ ካጠፋችሁት በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይቶ አልነሳ ካለ፣ በመጀመሪያ አዳምጡ። ሞተሪኖው ካልዞረ የደረጃ 1 የሪሌይ ጉዳይ ነው። እየዞረ ካልተነሳ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ፈልቷል፤ የሞተሩን ክዳን ክፈቱለት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ፔዳሉን ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሱ።

## ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ካልተነሳ

ቫልቭ ለኩ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው ለአብዛኞቹ። ክፍተት የሌለው ቫልቭ አይዘጋም፣ መጭመቂያውን (ኮምፕሬሽኑን) ያፈሳል። ከዚያ መጭመቂያውን በመለኪያ ፈትሹ፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ፔዳሉ ተረግጦ። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወደቀ፣ ሥራው ከቤንዚን ወጥቶ ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሩ ራስ) ሄዷል። ያኔ ጥሩ መካኒክ ጋ ውሰዱት፤ የለካችሁትን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ የካርቡራተር ማደሻ ኪት ማስመጣት ይቻላል። መጀመሪያ ግን ካርቡራተሩ ጎን ላይ የተመታውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ 28 ፒክት፣ 30 ፒክት፣ 34 ፒክት የሚል ነው። የአንዱ ጓርኒሲዮን ለሌላው አይሆንም።

## ሲነሳ

ወዲያው አትንዱት። የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ፣ ማጥፊያው እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ከታንኩ ሥር እስከ ካርቡራተሩ እያንዳንዱን መገናኛ በነጭ ጨርቅ ንኩ። ጨርቁ ከራሰ አጥፉና አጥብቁ። ከዚያ በሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድታችሁ ተመለሱና ሞተሩ እንደሞቀ ደግማችሁ ንኩ፤ ሲቀዘቅዝ ያልፈሰሰ ፋሸታ ሲሞቅ ያንጠባጥባል። በሳምንቱ ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ቡናማ ዝቃጭ ከያዘ ታንኩ ገና አልጠራም፤ ፊልትሮውን ቀይሩና በቀጣዩ ሳምንት እንደገና እዩ።